የጭነት ሞላ

መኪናዬን ከስዩም ጋራዥ ሳወጣ ኋላዋ ተሰቅሎ፣ አፍንጫዋ አስፋልቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም። "አማረባት አይደል፣ ዶክተርዬ?" አለኝ ስዩም እጁን በቡትቶ እየጠረገ። ዶክተር አይደለሁም፤ ፋርማሲስት ነኝ። ይህን ለስዩም ነግሬው ነግሬው ደክሞኛል። መኪናዋንም እንድታምር ብዬ አልነበረም ያመጣኋት። ከኋላ በግራ በኩል ያለው ሞላዋ ተሰብሮ፣ ጉድጓድ ውስጥ በገባሁ ቁጥር ቋ ስለሚል ቀይርልኝ ብዬው ነው። ስሰጠውም ሁለት ነገር ነግሬው ነበር፤ አንደኛ፣ አባቴን ልወስድባት ነው፣ ወገቡን ስለሚያመው እንዳታንገጫግጭ አድርገህ ሥራልኝ፤ ሁለተኛ፣ የምንሄደው ዛንድስፕሩት ሰፈር ነው።

ከሁለቱ የትኛው ጆሮው እንደገባ ያወቅሁት እዚያው ጋራዡ ባለበት ሰፈር ዱርንፎንቴን፣ የመጀመሪያው የመንገድ ጉብታ ላይ ስደርስ ነው። መኪናዋ ዘለለች። ዘለለች ስል እያጋነንኩ አይደለም፤ ቦርሳዬ ከወንበሩ ወድቆ በውስጡ ያለው ሁሉ ተዘረገፈ። ከኋላዬ የነበረው የታክሲ ሹፌር ጥሩምባውን ነፋብኝ፤ ሲያልፈኝም እየሳቀ አውራ ጣቱን አሳየኝ።

ሰው ሌላ ጋራዥ የለም ወይ ይለኝ ይሆናል። ሞልቷል። ግን እዚህ ጆሃንስበርግ የማውቀው ሐበሻ ሁሉ መኪናውን ለስዩም ነው የሚሰጠው። ጎበዝ ስለሆነ አይደለም፤ የአገር ልጅ ስለሆነ ነው። ሌላ ጋ ከሄዳችሁ ይሰማል፤ ከተሰማ ደግሞ እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያን ደጅ "ምን በድዬሽ ነው?" እየተባላችሁ ስታስረዱ መክረማችሁ ነው። እኔም ያንን ፈርቼ ነው ለስዩም የሰጠሁት።

ስለ አባዬ ልንገራችሁ። አቶ ብዙነህ ይባላል፤ የደብረ ብርሃን አናጢ ነበር፣ አሁን ጡረታ ላይ ነው። ታናሽ ወንድሜ ሐዲስ ዛንድስፕሩት፣ ያ በቆርቆሮ ቤት የተጨናነቀው ሰፈር ውስጥ፣ ስፓዛ ሱቅ ነበረው። ዳቦ፣ ስኳር፣ የስልክ ካርድ የሚሸጥባት፣ ከጀርባዋ የሚተኛባት አንዲት ክፍል። እዚያው ሲኖር ኖሮ አምና በሳንባ በሽታ ሞተብን። ሬሳውን ወደ አገር የላክሁት እኔ ነኝ፤ የቀበረው አባዬ። በቀብሩ ቀን አላለቀሰም። ድንኳኑ ውስጥ ወንበር ጎደለ፣ ለእነ እከሌ ውሃ አልደረሰም እያለ ለቀስተኛውን ሲያስተናግድ ዋለ አሉኝ። ዘንድሮ እኔ ዘንድ የመጣው ሊጠይቀኝ ነው ቢባልም፣ ከአውሮፕላን እንደወረደ ያለኝ ሌላ ነው።

"የቀበርኩበትን አውቀዋለሁ" አለ። "የኖረበትን ግን አላየሁትም። እሱን አሳዪኝ።"

አውሮፕላኑ ራሱ ወገቡን ስለጎዳው እስኪሻለው ጠበቅን። አሁንም ቀጥ ብሎ መቀመጥ አይችልም፤ መኪና ውስጥ ከኋላ ወንበር ላይ እግሩን ዘርግቶ፣ በትራስ ተደግፎ ነው የሚሄደው። የሚመለሰው እሁድ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ዛንድስፕሩት መሄድ ነበረብን፤ ሌላ ቀን አልቀረንም። የሞላው ጉዳይ እንዲህ ያንጨረጨረኝ ለዚህ ነው።

ሐሙስ ማታ ልሞክር ብዬ አባዬን ከኋላ ወንበር ላይ አስተኝቼ ከግቢው ወጣሁ። የግቢያችን በር ላይ ያለችው ትንሽ ጉብታ ላይ ስንደርስ "እግዚኦ!" ብሎ ጮኸ። ፊቱ አመድ መሰለ። "መልሺኝ ልጄ፣ መልሺኝ" አለ። መለስኩት።

አርብ ጠዋት በሥራ ሰዓት ፈቃድ ጠይቄ ስዩም ጋ ሄድኩ። ከአንድ ሚኒባስ ሥር እግሩ ብቻ ወጥቶ ይታያል።

"ስዩም፣ ምንድን ነው ያስገባህብኝ?" አልኩ ለእግሩ።

"የጭነት ሞላ ነዋ!" እየተሳበ ወጣ። ፊቱ ላይ ኩራት አለ። "ለሌላው ሰው ተራውን ነው የማስገባው። ላንቺ ግን ጠንካራውን አስፈልጌ አመጣሁልሽ። የፈለግሽውን ጫኚባት፣ ንቅንቅ አትልም!"

"ማን ጫን አለህ? የሽማግሌ ወገብ ነው እኮ የነገርኩህ!"

"ዛንድስፕሩት አላልሽኝም እንዴ?"

"ብልህስ?"

"እህቴ" አለ፣ ከልቡ ግራ ገብቶት፤ "ዛንድስፕሩት ማን ባዶ መኪና ይዞ ይሄዳል?"

ስዩም ዘንድ የሚመጣው ሐበሻ ሁሉ ለስፓዛ ዕቃ የሚያመላልስ ነው። ለእሱ መኪና ማለት የበቆሎ ዱቄት መጫኛ ነው፤ ሰው የሚቀመጠው ከዕቃው በተረፈው ቦታ ነው። ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ ክፉ ቢሠራ ኖሮ በሰደብኩት ነበር። እሱ ግን በጎ የዋለልኝ መስሎታል። በውለታ መልክ የመጣ ጥፋት እንዴት እንደሚሰደብ አላውቅበትም።

"እሺ፣ አሮጌውን መልስልኝ። ቀኙ አልተሰበረም፣ ለግራው አንድ ብቻ ፈልግ።"

"አሮጌውን? ለቆራሌው ሰጠሁት።"

"ትክክለኛውን አሁን ግዛልኝ!"

ደወለ፣ አወራ፣ ሳቀ፣ ዘጋ። "ይመጣል። ሰኞ ጠዋት እጄ ይገባል።"

"አባቴ እሁድ ነው የሚሄደው!"

"ውይ! ታዲያ ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?"

እዚህ ላይ ነው የያዝኩትን የመኪና ቁልፍ ልወረውርበት የቃጣኝ። አልወረወርኩትም። "ሻይ ልዘዝልሽ?" ሲለኝ ጥዬው ወጣሁ።

ቀኑን ሙሉ ስደውል ዋልኩ። ሌሎች ጋራዦችም ሰኞ አሉኝ። በስልክ በሚጠራው ታክሲ መድረሻውን ዛንድስፕሩት ብዬ ስሞላ አንዱ ሹፌር ሰረዘኝ፣ ሌላውም ሰረዘኝ፣ ሦስተኛው "ሲስተር፣ እዚያ አልገባም፣ ሶሪ" ብሎ ዘጋብኝ። ከማኅበራችን ሰዎች መኪና ልዋስ ብዬ ሁለቱ ደስ እያላቸው እሺ አሉኝ። ሄጄ ባያቸው የሁለቱም መኪና ኋላው ተሰቅሏል። የስዩም እጅ ነው! በዚህ ከተማ ውስጥ የሐበሻ መኪና መለየት የፈለገ ሰሌዳ ማየት አያስፈልገውም።

ማታ ላይ አምላኩ ደወለ። አምላኩ ከሐዲስ ጋር ሱቁን አብሮ የሚሠራ ልጅ ነበር፤ ሲታመም ያስታመመውም እሱ ነው፤ ሱቁን አሁን ለብቻው ይዞታል።

"እትዬ ፀገነት፣ ነገ መምጣታችሁ አልቀረም አይደል?"

"እንግዲህ እያየን ነው" አልኩት።

"ከመጣሽ አይቀር፣ ዱርንፎንቴን ካለው ጅምላ ቤት ዕቃዬን ታነሺልኛለሽ? የበቆሎ ዱቄት፣ ስኳርና ዘይት ነው። መኪና አጥቼ እዚያው ተቀምጦብኛል።"

"አንተም?!" ብዬ ጮህኩ። "ሁላችሁም ምን ሆናችኋል? እኔ የጭነት መኪና ነኝ? ግንባሬ ላይ ተጽፏል? ሽማግሌ አሞብኝ የማደርገው ጠፍቶኛል፣ አንተ የዱቄት ኬሻ ታወራልኛለህ!"

ምስኪኑ ልጅ "ይቅርታ እትዬ፣ ይቅር በቃ" ብሎ ሊዘጋ ሲል አባዬ ሶፋው ላይ እንደተንጋለለ ጠራኝ።

"ማን ነው?"

"አምላኩ ነው። ዕቃ ጫኚልኝ ይላል፤ እስቲ አሁን ይሄ..."

"ታዲያ ጫኚለት።"

"አባዬ፣ ባዶዋን መሄድ ያቃታት መኪና ናት እኮ! ወገብህስ?"

"ልጄን ያስታመመ ሰው ቤት ባዶ እጄን ልገባ ነው?" አለ፣ ቀና ለማለት እየሞከረ። "ዳቦ እንኳን ሳልይዝ? እናትሽ ብትሰማ ምን ትላለች! ወገቤ የራሴ ነው። ጫኚለት።"

አባዬን በክርክር የረታ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ቅዳሜ ጠዋት ጅምላ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። ሠራተኞቹ የዱቄቱን ኬሻ የኋላ ኮፈን ውስጥ ደረደሩ፤ ሲሞላባቸው ስኳሩን ከጎኔ ካለው ወንበር ላይ፣ ዘይቱን ከወንበሩ ሥር አስገቡ። አባዬ ከኋላ ወንበሩ ላይ በትራሱ ተደግፎ "ያን በደንብ ግፋው፣ ይወድቃል" እያለ በአማርኛ ያዛቸዋል፤ እነሱም በዙሉ "ዬቦ ባባ"፣ እሺ አባት፣ ይሉታል። እየተጫነ በሄደ ቁጥር ያ የተሰቀለው የመኪናዬ ኋላ ቀስ እያለ ወረደ፤ ተጭኖ ሲያልቅ ቀጥ ብላ ቆማለች። ልብ አላልኩትም። ሰኞ ለስዩም የምነግረውን በሆዴ እያዘጋጀሁ ነበር።

ያች ያዘለለችኝ ጉብታ ጋ ስንደርስ "አባዬ፣ ያዝ!" ብዬ ጮኼ ፍሬን ረገጥኩ። መኪናዋ ወጣች፤ ወረደች። ሌላ ምንም የለም።

"አባዬ?"

"አቤት።"

"አመመህ?"

"ምኑ?"

ቀጣዩን ጉብታ በዝግታ አለፍኩት። የሚቀጥለውን በፍጥነት አለፍኩት። ትተኛለች እንጂ አትዘልም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ጭራሽ ተናደድኩ። ስዩም ትክክል ነበር ማለት ነው? ለሁለት ቀን እንቅልፍ ያሳጣኝ ሞላ የፈለገው ዱቄት ነው? አባዬ በበኩሉ ትራሱን አመቻችቶ "የእኛ አገር አውቶቡስ እንዲህ ቢሆን" አለና ዓይኑን ጨፈነ። ዛንድስፕሩት እስክንደርስ ተኛ።

አስፋልቱ አልቆ አቧራው ሲጀምር፣ የቱ ጋ እንደምታጠፍ ጠፋኝና አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ጠየቅሁ። እጇን ዘርግታ፣ "ኳ ሐዲሲ? እዚያ ነው" አለችኝ።

አባዬ ነቅቷል። "ምን አለች? የልጄን ስም ጠራች።"

እኔም አላወቅሁም ነበር። የነገረው አምላኩ ነው፤ መኪናዋን ዞሮ፣ አባዬን ደግፎ እያወረደ። "ሱቁን ዛሬም እንደዚያ ነው የሚሉት፣ አባባ። የሐዲስ ቤት ማለታቸው ነው። እኔ ስሜን ብነግራቸው አልሰማ አሉኝ።"

አባዬ ሱቁን አየው። ከላይ እስከ ታች ቆርቆሮ፣ ፊት ለፊቱ የብረት ፍርግርግ ያለው መሸጫ መስኮት። በርጩማ ላይ ተቀመጥ ብንለው እምቢ አለ። ከመደርደሪያው ጀርባ ወዳለችው ክፍል ገብቶ አልጋውን በመዳፉ ጫን ጫን አደረገው።

"እዚህ ላይ ነው የሚተኛው?"

"እዚሁ ነው፣ አባባ።"

"ይጎረብጣል" አለ። ከዚያ አልጋው የተሠራበትን እንጨት ዳሰሰ፤ ሚስማሩ የወጣበት ቦታ ላይ ጣቱን አቆመ። "መዶሻ አለህ?" አለው። አምላኩ መዶሻ አመጣለት። ወገቡን በአንድ እጁ ይዞ ሚስማሩን መታና አስገባው። እኔ ወጥቼ መኪናው ጋ ቆምኩ፤ እዚያ መቆየት አልቻልኩም።

ዕቃው ሁሉ ሲወርድ የመኪናዋ ኋላ ተመልሶ ተሰቀለ። ባዶ መመለሳችን ያኔ ታሰበኝ። አምላኩን ወደ ጎን ጠርቼ፣ የተወሰኑ ኬሻዎች መልሰን እንጫንና አባዬን ቤት ላድርስበት፣ ነገ አመጣልሃለሁ አልኩት። "እንዴታ!" ብሎ አንዱን ተሸከመ።

"የት ትወስደዋለህ?" አለ አባዬ ከበሩ ላይ።

"ለወገብዎ ነው አባባ፣ ለመኪናዋ ክብደት..."

"ከልጄ ቤት እህል አስወጥቼ ነው የምሄደው? መልሰው!"

መለሰው። አልኳችሁ እኮ፣ እሱን የሚረታ የለም።

ስንመለስ ያ የፈራሁት ሁሉ ደረሰ። የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ አባዬ "እህ!" አለ። ጉብታው ላይ "እህህ!" አለ። "አባዬ ልቁም?" እለዋለሁ፤ "ንጂ፣ ንጂ" ይላል። ጥርሴን ነክሼ ነዳሁ፤ ስዩምን፣ ቆራሌውን፣ ሰኞን፣ ሁሉንም በየተራ ረገምኳቸው። ሃይዌዩን እስክይዝ ላብ አጠመቀኝ።

ሃይዌዩ ላይ ስወጣ ተነፈስኩ። አዲስ የተነጠፈ አስፋልት ነው፤ ጉድጓድ የለ፣ ጉብታ የለ። መኪናዋም ዝም አለች።

"እህ" አለ አባዬ።

ጥቂት ቆይቶ እንደገና፣ "እህህ።"

በመስታወቱ አየሁት። ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቷል፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

"ወገብህ ነው አባዬ?"

"ወገቤ ነው" አለ ከባርኔጣው ሥር። "ሞላው ነው።"

"ይሄ ስዩም!" አልኩ፣ ጮክ ብዬ። "ሥራው ይጥፋና፣ በሞላው ሰው ሊገድልብኝ እኮ ነው! ምን ዓይነት መካኒክ ነው?"

"እሱ ነው" አለ አባዬ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። "እሱ ነው እንዲህ ያደረገኝ።"

ወደ ቤት የሚያስገባውን መታጠፊያ ሆን ብዬ አለፍኩት። በዚያ ልሙጥ መንገድ ላይ፣ አባዬ እስኪወጣለት ድረስ፣ ስዩምን እየረገምኩ ነዳሁ።