ደረቁን የተሳበ ቋጠሮ

አማቼ ሁለተኛውን የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ዘይት በነካ ጨርቅ ከታች ወደ ላይ እየወለወሉ ነበር። የመጀመሪያው ተወልውሎ ግድግዳውን ተደግፏል። አራት ሰዓት ላይ ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ መጥቶ ሁለቱንም ይወስዳቸዋል፤ እንዲሁ በስጦታ።

«አንዱን እንኳ ያስቀሩ፣ አባባ» አልኳቸው።

«ለምን? ልብስ ላሰጣበት?»

ቀና ብለው አላዩኝም።

አማቼ አርባ ዓመት ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ያ ሁሉ ጥንቃቄያቸው ወደ መንጠቆ ዞረ። እኔንም ማሰር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የምናጠምደው ካርፕ የሐይቅ ወለል እየመጠጠ የሚበላ ዓሣ ነው። ወለሉ ጭቃና የበሰበሰ ቅጠል ስለሆነ መንጠቆው እዚያ ከተቀበረ ማንም ዓሣ አያገኘውም። ስለዚህ ከሊጥ የተሠራች ተንሳፋፊ ኳስ ከመንጠቆው ጀርባ በቀጭን ክር ታንጠለጥላለህ፤ ከመንጠቆው አራት ጣት ዝቅ ብለህ ደግሞ ክሩ ላይ ለክብደት ምስር የምታክል እርሳስ ቆንጥጠህ ታጣብቃለህ። እርሳሷ ታች ትቀመጣለች፣ ኳሷ መንጠቆውን ይዛ ከጭቃው በላይ ትቆማለች። ክሩን በመንጠቆው አንገት ሰባት ጊዜ ጠምጥመህ በቀዳዳው ታሳልፈዋለህ፤ ከማጥበቅህ በፊት ግን በምራቅ ታረጥበዋለህ።

«ደረቁን ከሳብከው ይቃጠላል» ይሉኝ ነበር። «ዓይንህ አያየውም እንጂ ይቃጠላል።»

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ ዳር እሳቸው አስረው ካዘጋጇቸው አንዱን ከሳጥኑ አውጥቼ መሬት ላይ አስቀመጥኩና ሳላስተውል በገዛ ጫማዬ ረገጥኩት። መንጠቆው ተጣመመ። ነገሩ ቀላል ነበር፤ «ረገጥኩት» ማለት ይበቃ ነበር። እኔ ግን ጀርባዬን ሰጥቼ በችኮላ ሌላ አሰርኩ። አፌ ዳቦ ሞልቶ ስለነበር ሳላረጥብ ሳብኩት። ዘንጋቸው ላይ ገጥሜ ሰጠኋቸው።

እንደዚያ ያለ ዓሣ ይዘው አያውቁም። ዘንጉ ጎበጠ፤ አማቼ እንደ ልጅ እየሳቁ ወደ ኋላ ወደ ፊት አሉ። ከዚያ ዘንጉ በድንገት ቀና አለ። ክሩ ሲመጣ መንጠቆው የለም፤ ጫፉ እንደ ሰዓት ስፕሪንግ ተጠቅልሏል። የተበጠሰ ክር እንዲህ አይጠቀለልም። እንዲህ የሚሆነው ቋጠሮ ሲፈታ ነው፤ ይህንንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ጫፉን በሁለት ጣት ይዘው ብዙ አዩት።

«የኔ ቋጠሮ ተፈታ?» አሉ።

እኔም ትከሻቸውን ይዤ፣ «አይዞዎት አባባ፣ ያጋጥማል» አልኳቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ይከታሉ። የእጃቸው መንቀጥቀጥ ድሮም ነበረ፤ ትንሽ ነው፣ ከቁም ነገር አይቆጥሩትም ነበር። ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ ጓዳ ጠርታኝ በሹክሹክታ፣ «አባዬ የሸሚዙን ቁልፍ ቆልፊልኝ አለኝ» አለች። «አባዬ! ጉንዳን የማታክል ብሎን ይፈታ የነበረው ሰውዬ!» ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ያን ጊዜም እውነቱን አልነገርኳትም።

በሩ ተንኳኳ። ፀጉር አስተካካዩ ገና ሳይገባ ጮኸ፦

«ሙሽሮቹ ተዘጋጁ?»

«ተኩለው እየጠበቁህ ነው» አሉ አማቼ። ለመሳቅ ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም።

ሰውየው ዘንጎቹን አንስቶ ብብቱ ሥር ሲያደርጋቸው ጆሮዬ ሲግል ተሰማኝ።

«አባባ፣ ቋጠሮው የኔ ነበር።»

«የትኛው?»

«የቅዳሜው። የእርስዎን ረግጬ አበላሸሁት። ሌላ አሰርኩ። ዳቦ እየበላሁ ስለነበር… አላረጠብኩትም።»

ባለቤቴ ፎጣ እንደያዘች የጓዳው በር ላይ ቆማለች። ፀጉር አስተካካዩ አንዴ እኔን አንዴ አማቼን አየና፣ «እኔ እንኳ ሱቁን ክፍት ትቼ ነው የመጣሁት…» ብሎ ወደ በሩ ፈቀቅ አለ።

«ተቀመጥ» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ዳቦ ነው ያልከው?»

«አዎ።»

«ምን ዓይነት ዳቦ ቢሆን ነው ስድስት ቀን ሙሉ አፍህን የዘጋው?»

ፀጉር አስተካካዩ ሳቅ ሲያመልጠው ሳል አስመሰለው። እኔ የምገባበት ጠፋኝ።

«ስድስት ቀን እጄን ሳይ ከረምኩ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዓሣውስ ይሂድ፣ ዓሣ ነው። አንተ ግን አጽናናኸኝ እኮ። ትከሻዬን ይዘህ።»

ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

ጨርቁን አጥፈው አስቀመጡ። የሰዓት ሠሪ አጉሊ መነፅራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰኩ፣ አዲስ መንጠቆና ክር አወጡ፣ ኳሷን አንጠለጠሉ። ሰባቱን ጊዜ ሲጠመጥሙ ከንፈራቸው ይቆጥራል። የክሩ ጫፍ ቀዳዳውን ሳተ። ደግሞ ሳተ። ባለቤቴ አንድ እርምጃ መጣች፤ «ቁሚ» አሏት፣ ቆመች። እኔ ወለሉን አየሁ፤ እጃቸውን የማየት መብት ያለኝ አልመሰለኝም።

በሦስተኛው ገባ። ቋጠሮውን ወደ አፋቸው ወስደው አረጠቡት፣ ቀስ ብለው አጠበቁት። መንጠቆውን የበሩ እጀታ ላይ አንጠልጥለው በሙሉ ኃይላቸው ሳቡ፤ በሩ ተንቋቋ እንጂ ቋጠሮው አልነቃነቅ አለ። እርሳሷን ቆንጥጠው ውሃ የሞላ ብርጭቆ ውስጥ ሲለቁት እርሳሷ ታች ተቀመጠች፤ ኳሷ መንጠቆውን ይዛ ቀጥ አለች።

«ዘንጎቹን መልሳቸው» አሉ ለፀጉር አስተካካዩ።

«ተወልውለው ሳያቸው እንደማይሰጡኝ ጠርጥሬ ነበር» አለ እሱ፣ እየመለሰ።

አማቼ ወደ እኔ ሳይዞሩ ያሰሩትን ከውሃው አውጥተው በጣታቸው ጠረጉት፣ ካርቶን ቁራጭ ላይ ጠቀለሉት፣ እንዲደርቅም የመስኮቱ ደፍ ላይ አኖሩት።