ያልተጠረገው መለከት

ብኸይታ ሳሉን የለየችው ሰውየውን ሳታያቸው ነው። ከቀርከሃው አጥር ውጪ አንድ ጊዜ ኡህ፣ ቀጥሎ ደረቅ ኡህ ኡህ፣ ከዚያ ጉሮሮ ጠረግ። ጭኗ ላይ ያጋደመችውን የቅል መለከት ሳታስበው ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

«ዐሚ ዐብዱልቃድር መጡ» አለች ዓዲላ፣ የሟች ባሏ እህት፣ በበሩ ስንጥቅ እያጮለቀች። «ወንዶቹ ሁሉ ተነሡላቸው።»

«ይነሡላቸው እንጂ! ምን ቸገራቸው!»

«ቀስ በይ፣ ይሰሙሻል።»

ዐሚ ማለት አጎቴ ማለት ነው፤ የእኚህ ሰውዬ አጎትነት ግን ለመንደሩ በሙሉ ነበር። ከአሶሳ ወዲህ ባሉት ኮረብቶች ላይ የመለከተኞች አለቃ ከተባለ እሳቸው ናቸው። ዳሱ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ፋቲሓ ተቀራ። «ማህጁብን አላህ ይማረው» አሉ። ሁሉም አሚን አለ። ከዚያ የመጡበትን ነገር አወጡት። በሰደቃው ዕለት የማህጁብን መለከት ለልጁ ለአልአሚን ያስረክባሉ፣ እንደ ደንቡ።

እንደ ደንቡ ሲሉ ብኸይታ ጎጆ ውስጥ ቆሽቷ አረረ። ደንቡን የማያውቅ የለም። በየዓመቱ ሲወጣም ሆነ ለወራሽ ሲሰጥ፣ አለቃው መለከቱን መጀመሪያ ራሳቸው ይነፉታል፤ ምራቃቸው ሳይደርቅ ለተረካቢው ያቀብሉታል፤ ተረካቢው እንዳለ አፉ ላይ ያደርገዋል። መጥረግ የሚባል ነገር የለም። የጠረገ ሰው ሽማግሌውን በአደባባይ ተጸየፈ ማለት ነው፣ ከዚያ በኋላ ማን ሰው ብሎ ይቆጥረዋል? «ባሌን የገደሉት በዚሁ ደንብ ነው፤ አሁን ደግሞ ልጄን ሊጨምሩ መጡ!» የሚለው ቃል ጥርሷ ድረስ መጣ። ዋጠችው። እንድትውጠው ያደረጋት ራሱ ባሏ ነበር፣ እሱም አፈር ገብቷል።

መለከቶቹን በርታዎች ዋዛ ይሏቸዋል። ቅል በቅል ላይ ተቀጣጥሎ የሚሠራ ረጅም መለከት ነው፤ ትንሹ ክንድ አያክልም፣ ትልቁ ከሰው ቁመት ይበልጣል። እያንዳንዱ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዜማ የሚሆነው ሁሉም በየተራቸው ጣልቃ እየገቡ ሲነፉት ነው፤ አንዱ ከቀረ ዜማው ይጎድላል። ክረምቱን ሙሉ ጎተራ አጠገብ በተሠራች ጎጆ ተዘግቶባቸው ይከርማሉ። ማሽላ ሲደርስ ይወጣሉ፤ ያኔ ከየኮረብታው ሰው ይጎርፋል፣ ይጨፈራል፣ ልጃገረድ ይታያል፣ የተጣላ ይታረቃል። ለዚያ መንደር ዓመት የሚባለው ያ ሰሞን ነው። የቀረውማ አረምና ግብር ነው።

ማህጁብ ከመካከለኞቹ አንዱን ነበር የሚነፋው። ዕድሜ ልኩን አንዲት ድምፅ! ብኸይታ ልጃገረድ ሳለች ወንዝ ወርዳ ወርቅ ስታጥብ ያቺን ድምፅ ከሩቅ ለይታ ትሰማት ነበር። ዘግየት ብላ ነበር የምትገባው፣ ሊስት ነው ሲሉት የሚደርስ ዓይነት። ስታገባው እንደዚያው ሆኖ አገኘችው። ለምሳ ይዘገያል፣ ለእርሻ ይዘገያል፣ ለሳቅ እንኳ ሁሉም ስቆ ሲያበቃ ነው የሚስቀው። ስንቴ ተበሳጭታበታለች! አሁን ያ መዘግየቱ ነው ሆዷን የሚበላው።

ሳይነፋ በፊት ከንፈሩን የሰሊጥ ዘይት ይቀባል። የመለከቱ አፍ እስካሁን ሰሊጥ ሰሊጥ ይሸታል። ብኸይታ ጠዋት ጠዋት ለቀስተኛ ሳይገባ አፍንጫዋን ታስጠጋለታለች። ዓዲላ አንድ ቀን ደርሳባት ተመልሳ ወጥታለች።

ከሰዓት በኋላ አልአሚን ገባ። በዚያ ሰሞን የገባው በሽታ መንደሩን ሲያጭድ እሱ አልነበረም፤ ለግብር የተጣለባቸውን ወርቅ ሊያስረክብ ከጎረምሶቹ ጋር ሄዶ፣ ሲመለስ አባቱን ተቀብሮ ነው ያገኘው። ከእናቱ ጎን ተቀመጠና እጁን ዘረጋ።

«እስኪ ልያዘው፣ እማ።»

«አፍህን ካላስጠጋህ።»

ያዘው። እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ነው የያዘው።

«አባቴ አንድም ቀን ስቶ አያውቅም አሉኝ ዐሚ።»

«አልሳተም።»

«እኔ ልስት እችላለሁ።»

«ሳት! ብትስት ምን አለበት። ብቻ ስማኝ አልአሚን፣ ሲሰጡህ ጠርገህ ንፋ።»

ልጁ ክው ብሎ ቀረ። «ሰው ፊት? ዐሚን ላዋርዳቸው ነው?»

ብኸይታ ፊቷን አዞረች። አባቱም ያለው ይህንኑ ነበር። ወይ ዘር!

ነገሩ የጀመረው በአንድ ጨው ነጋዴ ነው። ያ ዓመት መሐል አገር ሰዎች የኅዳር በሽታ የሚሉት የመጣበት ዓመት ነው፤ በርታዎቹ ግን ወሬውን ከኅዳርም በፊት ከዚሁ ሰውዬ አፍ ሰምተውታል። ከሱዳን በኩል አህዮቹን እየነዳ መጣና ዓይኑ ቀልቶ፣ በትሩ ላይ ተደግፎ፣ «እባካችሁ ዘንድሮ አትሰብሰቡ» አላቸው። «ሰው በቆመበት ይወድቃል። ከንፈሩ ይጠቁራል። እኔ ያለፍኩበት አገር ቀባሪ ጠፍቷል።»

ሳቁበት። «ማሽላ ደርሶ መለከት የማይወጣው የት አገር ነው?» አሉት። ነጋዴ ወሬ ሲያጋንን ለምደዋል፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ቢሆንም እንግዳ ነውና ዐሚ ዐብዱልቃድር ቤታቸው አሳደሩት፣ ከማሰሯቸው አጠጡት። ጠዋት እያሳለ ሄደ። መለከቶቹ በሚወጡበት ዕለት ዐሚም ያስሉ ነበር።

ብኸይታ ያን ጠዋት ማህጁብ ከንፈሩን ዘይት ሲቀባ ያዘችው።

«ሰውየው ሲያስሉ አልሰማህም?»

«ሰማሁ።»

«ታዲያ ጠረግ አድርገህ ንፋ። በእጅህ ቢሆን። ማን ያይሃል?»

«ሁሉም ያየኛላ! አባቴ ሲሞት ያሳደገኝ ማን ነው? ሰው ፊት ላዋርዳቸው?»

«ብትታመምስ?»

«ተይኝ ብኸይታ። እንዲህ ያለ ነገር ከአፍሽ ሁለተኛ እንዳይወጣ።» ካለ በኋላ፣ እንደ ልማዱ ዘግይቶ፣ ሳቀ። በዘይት የወዛ አውራ ጣቱን አፍንጫዋ ላይ ቀባትና ወጣ።

ዐሚ መለከቶቹን በየተራ ነፉ፣ በየተራ አቀበሉ። የማህጁብ ተራ ሲደርስ ብኸይታ ሴቶቹ መሐል ቆማ ዓይኗን አልነቀለችም። የመለከቱ አፍ ላይ ምራቃቸው በፀሐይ ሲያብረቀርቅ አይታዋለች። እንዳለ አፉ ላይ አደረገው። ያን ቀን እንደ ነፋው ነፍቶ አያውቅም ይላሉ የሰሙት።

ከዚያ በኋላማ ምን ይወራል? እንግዶቹ በየኮረብታቸው ሲመለሱ በሽታውንም ይዘውት ሄዱ። ሌላ ዓመት እዚህ መለከት ሲያባራ ከወዲያ ማዶ ይጀምር ነበር፤ ዘንድሮ ከማዶ የሚሰማው ዋይታ ሆነ፣ ቆይቶ ዋይታውም ጠፋ። የደረሰውን ማሽላ ወፍና ዝንጀሮ ተከፋፈሉት። ወንዶቹ መቃብር ቆፍረው ሳይጨርሱ ራሳቸው ይወድቃሉ። ዐሚ ዐብዱልቃድር ታመው ሰንብተው ተነሡ። ሳሉ ብቻ አልለቀቃቸውም። ተነሥተው ከለቅሶ ለቅሶ ይዞራሉ፣ በየሄዱበት ምንጣፍ ይነጠፍላቸዋል፣ «አላህ ለእኛ አተረፈዎት» ይባላሉ።

ማህጁብ የወደቀ ጊዜ ከንፈሩ ጠቆረ፣ ልክ ነጋዴው እንዳለው። ትንፋሽ አጠረው። ያ ሁሉ ትንፋሽ የነበረው ሰው! በመጨረሻው እጇን ያዘና፣ «ብኸይታ፣ ከመለከቱ ነው ብለሽ እንዳትናገሪ» አላት። «ሽማግሌ ሰው ናቸው። ከሰሙ አይችሉትም።»

«እኔስ? እኔ እችለዋለሁ?»

እጇን አልለቀቀም፣ እስክትምል ጠበቀ። «ወላሂ አልናገርም» አለችው። ያኔ ለቀቃት። ለሚስቱ ያላዘነውን ለሽማግሌው አዝኖ ሄደ ብላ ስንት ቀን በልቧ ሰድባዋለች። ሰድባው ሰድባው ታለቅሳለች።

በሰደቃው ዋዜማ ሴቶቹ ማሽላ ሲፈጩ ዓዲላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀቻት።

«በመለከቱ ትጠረጥሪያለሽ፣ አይደል?»

«ምንም አላልኩም።»

«የጎረቤታችን የኢቲዳል ልጅ መለከት ነክታ ታውቃለች? ሞተች እኮ። የኢቲዳል እናትም። አላህ የጻፈው ነው እህቴ።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያ?»

«እንግዲያማ ምንም። ፍጪ።»

ምን ትመልስላት? ነክተውም ሳይነኩም ሞተዋል። እሷ አዋቂ አይደለችም፤ የምታውቀው ያ ምራቅ ሲያብረቀርቅ ማየቷንና አንድ ልጅ የቀራት መሆኑን ነው። መለከቱን ይዛ ብትሰወር ልጇ ውርደታም ይሆናል። ራሷ ቀድማ ብትጠርገው ከንቱ ነው፣ ዐሚ እንደገና ይነፉታል። ደግሞስ እንዴት አድርጋ ትጠርገዋለች? የማህጁብ ሰሊጥ አለበት።

በሰደቃው ፍየል ታረደ፣ ገንፎ በባምያ ቀረበ፣ ተበላ። ከመለከተኞቹ ግማሾቹ የሉም። የቀሩት ለሟች ቆመው ነፉ፤ ዜማው አንድ እርምጃ ሄዶ ይቋረጣል፣ ሌላ አንድ እርምጃ ሄዶ ይቋረጣል። ሰው አንገቱን ደፍቶ ክፍተቶቹን ሰማ። እዚህ ላይ ማህጁብ ነበር፣ እዚህ ላይ የዐፊፋ ባል። ብኸይታ እንኳ ለአፍታ ልጇ ገብቶ ያን ቀዳዳ እንዲደፍነው ተመኘች።

«መለከቱን አምጡ» አሉ ዐሚ።

ዓዲላ ልትወስድ ገባች። ብኸይታ ሰጠቻት። ቀና ብላ ግን ተከትላት ወጣች። ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳዋን ሳትጨርስ ወንዶች መሐል አትወጣም፤ ዳሱ ሥር ያለው ሁሉ ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ። ዐሚ ዐብዱልቃድር አላዩዋትም። መለከቱን አነሡ፣ ነፉ፣ መሐል ላይ ሳላቸው መጣ፤ ቅሉ ውስጥ ሳሉ ጎልቶ ተሰማ። ከአፋቸው አላቀቁትና ለአልአሚን ዘረጉ። ልጁ እጁን አነሣ።

ብኸይታ መሐል ገባች። መለከቱን ከሽማግሌው እጅ ወሰደች። የመከናነቢያዋን ጫፍ በጣቷ ላይ ጠቅልላ አፉን ጠረገችው፤ ዙሪያውን፣ ውስጡን፣ እንደገና ዙሪያውን። አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። የሰሊጡ ሽታ ለአንድ አፍታ ጠንክሮ መጣ፣ ከዚያ ደረቅ ቅል ብቻ ሸተተ።

ከሴቶቹ በኩል አንዷ «ያ ረቢ!» አለች።

ዐሚ ዐብዱልቃድር ባዶ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። ፊታቸው ጠቆረ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሩ። «ሐዘኑ አናውዟታል» አሉ። «ራሷን አታውቅም። ይቅር በሏት።»

«እውነት ነው፣ ራሷን አታውቅም» አሉ ሰዎቹ፣ እፎይ ብለው። «ምስኪን!»

ብኸይታ አንገቷን ደፋች። አናውዟታል ካሉ ልጁ ከደሙ ንጹሕ ነው፤ የጠረገችው እብዷ እናቱ ናት፣ እሱ አይደለም። መለከቱን ሰጠችው። አልአሚን አያት፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ፣ በኀፍረት ይሁን በሐዘን አልገባትም። አፉ ላይ አደረገው። መጀመሪያ ነፋስ ብቻ ወጣ። ሁለተኛው ላይ ድምፁ መጣ፤ ቸኩሎ ገባ፣ ዘግየት ማለቱን አያውቅበትም። የማህጁብ አልነበረም።

ጎጆዋ ተመለሰች። ዓዲላ ተከትላ ገብታ፣ ምን እንደምትላት ጨንቋት፣ «ስጪኝ፣ መከናነቢያሽን ልጠብልሽ» አለቻት።

«አትንኪው!»

ጫፉን አየችው። ያ የጠላችው ምራቅና ያ የምትወደው ዘይት አንድ ላይ ናቸው፤ አይለይም። ወደ አፍንጫዋ ልታስጠጋው ከፍ አድርጋ ተወችው፣ ልጅ አላት። ጫፉን አጠፈችና ቋጠረችው፤ በጥርሷ ሳብ አድርጋ አላጠበቀችውም፤ አፏ እንዳይነካው በጣቷ ብቻ፣ ደጋግማ ቋጠረችው።