ጌጤ ያልሠራችው ጎሜ

ጌጤ ያልሠራችውን በደል በሰው ፊት ሠርቻለሁ ያለችው ለልጇ ብላ ነበር።

የሁለት ዓመቷ ዕድላዊት ጀርባዋና ሆዷ ላይ፣ አብዝቶ እንደ በሰለ ሙዝ ልጣጭ፣ ቡናማ ነጥቦች ነበሩባት። ሙቅ ውኃ ሲነካት ወይም ልብስ ሲፈትጋት ነጥቦቹ ቢምቢ እንደነደፋቸው አብጠው ይነሣሉ፤ ፊቷ ይቀላል፤ እያከከች ታለቅሳለች። በመንደራቸው በላንቴ ያላማ ሰው የለም። ከሁሉ ጮክ ብሎ የተናገረው ግን የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም ኦይታ ነው።

«ጎሜ ነው!» አለ። «የተደበቀ ኃጢአት በልጅ ገላ ሲወጣ ነው። ወንድሜ ሲሞት የወሰኑን ድንጋይ ወደኔ ሙዝ ገፍተሻል። ተናዘዢና ልጅሽ ትዳን።»

ጌጤ ድንጋዩን አልነካችውም። እናት ናትና ግን ሽማግሌዎች በተሰበሰቡበት አደባባይ፣ በዱቡሻ ቆማ «ገፍቻለሁ» አለች። ኦይታ በዚያው ሳምንት ድንጋዩን ነቅሎ ሁለት ረድፍ ሙዟን ወሰደ። ጊዜው ክረምት ስለነበር የልጅቷ ማሳከክ ቀነሰ። «አያችሁ?» አለ። ጌጤ ራሷ ሳይታወቀኝ ገፍቼው ይሆን እንዴ እስከማለት ደረሰች።

በጋው ሲከር ነጥቦቹ እንደገና ተቆጡ። አንድ ቀን ዕድላዊት ቀልታ ቀልታ እናቷ እጅ ላይ ተዝለፈለፈች። ጌጤ አዝላት ወደ ከተማ ሮጠች፤ የጤና ጣቢያ ሰዎችም ወደ ቆዳ ሐኪም ላኳት።

ሐኪሟ ወጣት ነበረች። በእስክሪብቶ ድፍን ጫፍ አንዱን ነጥብ ብቻ ቀስ አድርጋ አሸችና «እንጠብቅ» አለች። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ነጥቡ ቀልቶ ተነሣ፤ አጠገቡ ያለው ቆዳ ግን እንደነበረ ነው። ከዚያ በመርፌ አደንዝዛ ምስር የምታህል ቆዳ ወሰደች፤ ደምም ቀዳች። ውጤቱ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ፈጀ።

«ማስቶሳይቶሲስ ይባላል» አለች። «ብዙ አይታይም። ማስት ሴል የሚባሉ የሰውነት ዘበኞች ቆዳዋ ውስጥ በዝተዋል። ሲታሹ ወይም ሲሞቃቸው የሚያሳክክ ነገር ይረጫሉ። የደም ምርመራዋ ደህና ነው። አይተላለፍም፤ ብዙ ልጆች ሲያድጉ ይቀንስላቸዋል። ሙቀትና መታሸት አታብዢባት፤ ሽሮፑንም ስጫት።»

«ዶክተር፣ እናት በሠራችው በደል ይመጣል?»

ሐኪሟ ሳቀች፤ ጌጤ እንዳልሳቀች ስታይ ተወችው። «በፍጹም።»

«እንግዲያው እሱንም በአማርኛ ይጻፉልኝ። ማንበብ እየተማርኩ ነው፤ ፊደሉን ነጠል ነጠል ያድርጉት።»

የጸሎት ጓደኛዋ ጽጌረዳ ወረቀቱን በዱቡሻ ኦይታ ፊት ልታነበው መሆኑን ስትሰማ ተቆጣች። «ተይ ጌጤ! ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት።»

«እንግዲያው ልሳለውና ይውጣልኝ!»

ቅዳሜ ዱቡሻው ሲሞላ፣ ልጇን ጥላ ስር ለጽጌረዳ ሰጥታ መሐል ቆመች። ወረቀቱን ቃል በቃል፣ እየተንተባተበች፣ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ ወደ አዛውንቱ ጋሽ ካሱ ዞረች።

«ጋሼ፣ ሰውን በሐሰት ጎሜ አለብህ ማለትስ ጎሜ አይደለም?»

«ነው» አሉ። «ወሰን ከመግፋት ይብሳል። አንቺም ግን ዋሽተሻል።»

«ዋሽቻለሁ። ቅጣቴን ስጡኝ፣ እቀበላለሁ። እሱ ግን በልጄ ገላ ሙዝ በላ!»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ኦይታ «እኔ ምን አውቄ...» ብሎ ጀመረ፤ የሚያየውን ዓይን ሁሉ ሲያይ አልጨረሰውም። ጎንበስ አለና እርጥብ ሣር ነጭቶ ተንበረከከ። በጋሞ አገር ሣር ይዞ ለተንበረከከ ሰው ይቅርታ አይከለከልም። ኦይታ ይህን አሳምሮ ያውቃል።

«እህቴ፣ ይቅር በይኝ።»

ጌጤም ታውቃለች። አልቀበልም አላለችም። መቼ እንደምትቀበል ግን ሕጉ አይናገርም።

«እቀበልሃለሁ፣ ጋሼ ኦይታ። ልጆችህ ሄደው ድንጋዩን ወደ ቦታው ይመልሱ። እስኪመለሱ እንዲሁ ቆየኝ።»

«ፀሐዩ እኮ...»

«አውቃለሁ። ልጄንም ያቃጥላት ነበር።»

ጋሽ ካሱ ለኦይታ ልጆች «ሂዱ» አሉ። ልጆቹ ዶማ ይዘው ወደ ሙዙ ሄዱ። ጌጤ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና ሣሩ እጁ ላይ እየጠወለገ ሲሄድ ዓይኗን ሳትነቅል አየችው።