አርሴማ እንድትተፋ የተጠየቀችበት ቀን

ኅዳር 19 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ አርብ ከሰዓት በኋላ፣ ከይጁቤ ራቅ ብሎ በሚገኝ የሸክላ ሠሪዎች መንደር፣ በእማማ ወለተ ማርያም ግቢ አምስት ሰዎች ነበሩ፤ እማማ፣ የልጅ ልጃቸው አርሴማ፣ የሰባተኛ ክፍል ጓደኛዋ ሂዊ፣ የሂዊ እናት የኔአለምና አጎቷ አንሙት። ሂዊ በበቅሎ ተጭና ነው የመጣችው። ሆዷን ይዛ ግድግዳው ሥር ተኝታለች።

ነገሩ የጀመረው ማክሰኞ ነው። ለአገሩ እንግዳ የሆነው መምህር፣ ሰዎች ለእኩልነት እንዴት እንደታገሉ ከቤተሰብ ጠይቃችሁ ጻፉ ብሏቸው ነበር። አርሴማ ከአያቷ የሰማችውን ጽፋ በክፍሉ ፊት አነበበች። ድሮ ሸክላ ሠሪ የእርሻ መሬት አልነበረውም። በ1967 ዓ.ም. መሬት ለአራሹ ሲታወጅ የእማማ እናት "እኛንም መዝግቡን" ብለው ሦስት ቀን መዝጋቢዎቹ ፊት ቆሙ። ተሰደቡ፣ ተገፈተሩ፤ አልሄዱም። በአራተኛው ቀን ድንጋያማ ቁራሽ ተሰጣቸው።

መምህሩ አጨበጨበ። ትምህርት ቤቱ ከመንደሯ ሩቅ ስለሆነ፣ ልጆቹ አርሴማ የማን ወገን እንደሆነች ያወቁት ገና ያን ቀን ነው።

ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ሰው ይበላል የሚል የቆየ ሐሰት አለ። የተበላው የሚድነው የበላው ሰው ሲተፋበት ነው ይባላል። ረቡዕ አርሴማና ሂዊ ምሳቸውን ከአንድ ሳህን በሉ። ሐሙስ ሂዊን ሆዷን አመማት።

"እንትፍ ትበልባትና እንሂድ" አለች የኔአለም። እማማ በዕድሜ እናቷን ቢያክሉም አንቺ ነው የምትላቸው። "ልጅሽን ንገሪያት።"

"ሰውነቷ እሳት ሆኗል። ጤና ጣቢያ ውሰዷት።"

"ቡዳ የበላው ሰው መርፌ አይችልም፤ ቢወጓት እዚያው ነው የምትቀረው" አለ አንሙት። "መጀመሪያ ትትፋ።"

"እኔ በእሷ ዕድሜ ተፍቻለሁ" አሉ እማማ። "የአለበል ልጅ ታሞ መጡብን፤ ተፋሁ፤ ልጁም ዳነ። ከዚያ ወዲያ በስሜ የጠራኝ የለም። ያች የአለበልን ልጅ የበላች ነው የምባለው። ይቺ አትተፋም።"

"እንግዲያ ልጄ ትሙት?"

"በቅሎዋን ወዲህ የነዳሻት አንቺ ነሽ።"

አንሙት ሳቀ። "ምላሷስ ከማሰሮዋ ይጠነክራል።"

አርሴማ ሂዊ አጠገብ ተንበረከከች። "በላሁሽ እንዴ?"

"ሽሮዬን ነው የበላሽው" አለች ሂዊ። ልትስቅ ብላ ሆዷን ጨበጠች። "አርሴ፣ ትፊብኝ። ካልተፋሽ አይወስዱኝም።"

"ከተፋሁ እኮ አመንሁ ማለት ነው።"

"እንዳልበላሽኝ ለሁሉም እነግራቸዋለሁ።"

"ማን ይሰማሻል?"

ሂዊ ወደ ጎን ዞራ አረንጓዴ ነገር አስመለሳት። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

"አርሴማ" አሉ እማማ። "እንዳታደርጊው።"

"ትሞታለች እኮ፣ እማ።" ወደ አንሙት ዞረች። "ከተፋሁ አሁኑኑ ትወስዷታላችሁ?"

"አሁኑኑ።"

"ይማሉ።"

"ሚካኤልን።"

የአርሴማ አፍ ደርቆ ነበርና መጀመሪያ ምራቅ አልወጣትም። ሁለተኛ ሞከረች፤ የሂዊ ግንባር ላይ አረፈ። የኔአለም ምራቁን በነጠላዋ ጫፍ በልጇ ፊት ላይ ሁሉ አዳረሰችው። እማማ ወደ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ።

ሂዊን ጤና ጣቢያው በዚያው ዕለት ወደ ደብረ ማርቆስ ላካት፤ ትርፍ አንጀቷ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ዳነች። በአገሩ የተወራው በምራቅ ዳነች ተብሎ ነው። ሰኞ ዕለት ከአርሴማ ጋር አንድ ወንበር ላይ የተቀመጠ ልጅ አልነበረም። ሰባተኛ ክፍልን ሳትጨርስ ትምህርቷን አቆመች።