አሥራ አንድ ሰከንድ

የእሑድ ቀትሩ የፖለቲካ ቃለ መጠይቃችን ሃያ ዓመት ሞላውና ጣቢያው ታሪኩን በፊልም አዘጋጀ። ጥያቄዎቹን የማዘጋጀው እኔ ስለነበርኩ፣ ከጡረታዬ ለንደን ድረስ ጠርተው አሳዩኝ።

ያኔ አንድ የከሰል ማዕድን ጉድጓድ ሰው ላይ በተናደ ሰሞን፣ የማዕድን ሚኒስትሩን፣ «የከሰል ጉድጓዱ ሊናድ እንደሚችል ያውቁ ነበር?» ብለን ጠየቅናቸው። አሥራ አንድ ሰከንድ ሙሉ ዝም አሉ። ከዚያ ላብ በላብ ሆነው፣ «አላውቅም ነበር» አሉ። አገር ሁሉ አያቸው፤ ማክሰኞ ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

በፊልሙ ግን ጥያቄው ከማለቁ መልሱ ከተፍ አለ።

«ዝምታውስ?» አልኩት የፊልሙን አቀናባሪ ኒጀልን።

«ቆረጥኩት፣ እትዬ ቤሪል። ማንም የማይናገርበትን ማን ያያል?»

«አንተ የማታፍር! መልሱ እኮ ዝምታው ነበር! ጥያቄውን ስናዘጋጅ ሦስት ሳምንት የለፋንበትን ቆርጠህ ጣልክና ውሸታሙን ሰውዬ እውነተኛ አደረግከው!»