ወሬው የተቆረጠበት ካሴት

ጋሽ አክሊሉን ዛሬ የምታስታውሱት ጥቂት ናችሁ። ያኔ ግን አገር ቤት ቴሌቪዥን ያየ ሰው ሁሉ ያውቀው ነበር። በየበዓሉ ዋዜማ አንድ ረጅም ዝግጅት ይተላለፍ ነበር፤ ዘፈን አለው፣ ጭውውት አለው፣ ጥያቄና መልስ አለው፣ ከመሀረብ ውስጥ እርግብ የሚያወጣ ሰው እንኳ አለው። ያን ሁሉ አንድ ላይ ሰፍቶ የሚያቀርበው እሱ ነበር፤ ግራጫ ሱፉን ለብሶ፣ ማይክሮፎኑን እንደ ስኒ በጣቶቹ ይዞ።

እኛ ሰፈር ቴሌቪዥን ያለው አንድ ቤት ብቻ ነበር። ልጆቹ ምንጣፍ ላይ፣ ትልልቆቹ ወንበር ላይ፣ የቀረነው በር ላይ ተደራርበን እናያለን። ሰው ሁሉ ዘፋኞቹን ይጠብቃል። እኔ የምጠብቀው ግን ከዘፈን ወደ ዘፈን ሲሸጋገር የሚያወራትን ወሬ ነበር። በግ ተራ ሄዶ በጉ ይዞት ስለጠፋ ሰውዬ ያወራል፤ ዶሮ መገነጣጠል ስላቃታት ሙሽራ ያወራል፤ ከዚያ ሳቃችንን ሳንጨርስ ዘወር ይልና ኦርኬስትራው ይቀበለዋል። ልጆቼ፣ ያ ወሬ ዘፈኑን ያጣፍጠው ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ሲያትል መጥቶ፣ ቢከን ሂል፣ ከኔ በታች ያለው አፓርትመንት የገባው፤ ከባለቤቱ ከየውብዳር ጋር። ሬድመንድ የምትሠራ ልጃቸው ናት ያመጣቻቸው። ከመጡ ብዙም ሳይቆይ ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁ ሰነፈ፣ አንደበቱ ተያዘ። የሚባለውን ይሰማል፣ ይገባዋል፤ መልሱ ግን ከውስጥ አይወጣለትም። በመስኮቱ በኩል ዝናቡን እያየ ይውላል። እኔም ወርጄ «ጋሽ አክሊሉ፣ እንዴት ዋሉ?» ስለው በግራ እጁ እጄን ያዝ አድርጎ ይለቀኛል፤ መልሱ ያቺው ናት።

የውብዳር መሀል ከተማ አንድ ሆቴል አንሶላ ስታጥፍ ውላ ትመጣለች፤ ከዚያ ደግሞ የራሳቸውን ልብስ ይዛ ምድር ቤት ወዳለው የልብስ ማጠቢያ ትወርዳለች። እዚያ ነው ብዙውን ጊዜ የምንገናኘው። ጨዋታ የምትወድ ሴት ናት። አንድ ቅዳሜ ግን የሱን ሸሚዝ በእጇ ይዛ፣ ሳታጥፈው፣ ዝም ብላ ቆማ አገኘኋት።

«እትዬ ጥሩ፣ ድምፁ ጠፋብኝ» አለችኝ።

«የማን ድምፅ?»

«የአክሊሉ ነዋ።»

«እሱማ ከጠፋ ሰነበተ እኮ፣ የኔ እናት።»

«እሱን አይደለም የምልዎት። እስካሁን እኔ ጋ ነበር። አንሶላ ሳጥፍ፣ ባስ ላይ ስቀመጥ፣ ውስጤ ሲናገር እሰማው ነበር። ዛሬ ጠዋት ልስማው ብዬ ብሞክር አጣሁት። ፊቱ አለ፤ ድምፁ የለም። እንዲህ ሆኖ ይቀራል እንዴ?»

ሸሚዙን ተቀብዬ አጠፍኩላት።

ከዚያ በኋላ ነው የካሴቱ ነገር የመጣው። የእህቷ ልጅ ምሥራቅ ዲቪ ደርሷት ልትመጣ ስትሰናዳ፣ የውብዳር ስልክ ደውላ «እናትሽ ያንን የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ካሴት አልጣለችውም አይደል?» አለቻት። እህትዬዋ ያኔ ቪዲዮ ዴክ ከነበራቸው ጥቂት ሰዎች አንዷ ነበረች፤ የአንዱን ዓመት ዝግጅት ከቴሌቪዥን ቀድታ አስቀምጣው ኖሯል። ምሥራቅ በሹራብ ጠቅልላ አመጣችው።

እሑድ ከሰዓት ተሰበሰብን። የውብዳር ፀጉሯን ተሠርታለች። ጋሽ አክሊሉን ንጹሕ ሸሚዝ አልብሳ ሶፋው ላይ መሀላችን አስቀመጠችው። ምሥራቅ ካሴቱን አስገባችና ቁልፉን ተጫነች።

ልጆቼ፣ ምን እንደታየ ልንገራችሁ። ቀለም የለው፣ መልክ የለው፤ ሥዕሉ እንደ ወንፊት እየተበጣጠሰ ወደ ላይ ይሮጣል። ድምፅ ወጣ። ግን ምን ዓይነት ድምፅ! ቀጭን፣ ጥድፍ ጥድፍ የሚል፣ ቁርጥ የተራበ ጫጩት። «እንኳን አደረሳችሁ» ነው የሚለው፣ እኛ ግን ሆዳችንን ይዘን ነው የሳቅነው። ጋሽ አክሊሉም በግማሽ አፉ ሳቀ። የውብዳር ብቻ አልሳቀችም። ተነሥታ አጠፋችው።

«ተበላሽቷል» አለች።

«አልተበላሸም፣ አክስቴ፤ እኛ ቤት ደህና ነበር!» አለች ምሥራቅ ልታለቅስ ደርሳ።

ለካ የኛ አገር ካሴትና የአሜሪካ ዴክ አይግባቡም። ይህን የነገረን ዘካሪያስ ነው። ዘካሪያስ ማውንትሌክ ቴራስ የሚኖር፣ ለአበሻ ሁሉ ካሴት የሚቀዳ ልጅ ነው፤ ሠርግ ሆነ ክርስትና፣ እሱ የቀዳው ካሴት የማይጫወትበት ቤት አልነበረም። ሥራ በሌለው ቀን ሁሉ ለሰው ሲቀዳ ይውላል። ጴንጤ ስለሆነ ግን እሱ ራሱ ዘፈን አይሰማም። «የሰው ደስታ ነው፣ አልከለክልም» ይልና፣ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዘግቶ፣ በዓይኑ ብቻ እያየ ይቀዳል። እኛም ይህን እያወቅን እየሳቅን እንወስዳለን። አመሉ ነው፣ ማንንም ጎድቶ አያውቅም ነበር።

«ኦኬ፣ ችግር የለም» አላት የውብዳርን በስልክ። «እኔ ጋ የሁለቱንም አገር የሚያጫውት ዴክ አለ። ኮፒ አድርጌ አመጣላችኋለሁ።»

አመጣውም። እንደገና ተሰበሰብን፣ እንደገና ንጹሕ ሸሚዝ። አሁን ሥዕሉ ጥርት ብሏል። ቀለሙ ወጥቷል፤ መጋረጃው ቀይ፣ የዘፋኟ ቀሚስ አረንጓዴ፣ ኦርኬስትራው በሁለት ረድፍ ተቀምጧል። ዘፈኑ አለቀ። የውብዳር ወደ ፊት ሳብ አለች። ሌላ ዘፈን ጀመረ። «አሁን ይወጣል» አለች። ያም አለቀና ሦስተኛው ተከተለ። በመሀል አንድ ጊዜ ግራጫ እጅጌ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ጭፈራው በጭፈራ ላይ ይመጣል፤ ትከሻ በትከሻ ላይ ይነቀነቃል፤ በዘፈኖቹ መሀል ግን አንድም ሰው አይናገርም። እስኪያልቅ ጠበቅን። አለቀ።

የውብዳር ስልኩን አነሣች።

«ዘካሪያስ፣ ሰውዬው የታለ?»

«የቱ ሰውዬ፣ እትዬ የውብዳር?»

«በዘፈኑ መሀል የሚያወራው!»

«እ… እሱማ፣ ወሬውን ቆርጬዋለሁ። የአገር ቤቱ ካሴት ሦስት ሰዓት ነው፤ የዚህኛው ሁለት ሰዓት ብቻ ነው የሚይዘው። ሶ፣ ቆሞ የሚያወራ ሰው ሳይ አልፈዋለሁ። ሰውም ወሬ በዛ እያለ ያማርረኛል።»

«ወሬው ባሌ ነው!»

እኔ ጎኗ ቆሜ እሰማለሁ። ልጁ ምን ያድርግ? ጋሽ አክሊሉን ሽማግሌ ሆኖ፣ ፂሙ ነጭ ሆኖ ነው የሚያውቀው። ያን ሱፍ የለበሰ ጎልማሳ፣ ድምፁ ተዘግቶ፣ አፉን ብቻ ሲከፍትና ሲዘጋ አይቶ በምን ይለየው?

«ዋናው ካሴትስ?» አለችው በመጨረሻ።

«ይኖራል… መሰለኝ። የተረፉ ካሴቶችን ለቤተ ክርስቲያን ስብከት እንቀዳባቸዋለን። ልፈልገውና ኮል አደርጋለሁ።»

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀኖች አልወዳቸውም። ወደ ሥራ ስትሄድ «እርስዎ ጋ ከደወለ ይንገሩኝ» ትለኛለች፤ ስትመለስ እኔ በር ላይ ሳትጠይቅ ቆማ ታየኛለች። አንድ ማታ እራት ስትሠራ «ስብከት ተቀድቶበት ይሆናል» አለችኝ። «እሱም የእግዚአብሔር ቃል ነው፤ ምን ብዬ እቆጣለሁ?» ይህን ብላ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም።

ዘካሪያስ ደወለ፤ ካሴቱ ተገኘ፤ ምንም አልተነካም። «ሁለተኛ ኮፒ ላድርግልዎት፣ ወሬውን ብቻ» ቢላት፣ «አይሆንም፣ እንዳትነካው፤ እዚያው መጥቼ አየዋለሁ» አለችው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ራሱ ሊወስደን መጣ። መኪናውን በር ላይ ፓርክ አድርጎ ወጣና ጋሽ አክሊሉን በብብቱ ደግፎ ደረጃውን አወረደው። አንገቱን እንዳቀረቀረ «ጋሽዬ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ አላወቅኩዎትም» አለው። ጋሽ አክሊሉ በግራ እጁ ጉንጩን መታ መታ አደረገው።

የዘካሪያስ ምድር ቤት ግድግዳው ሁሉ ካሴት ነው። ወንበር ደርድሮልናል። ሪሞቱን ይዞ ቆመና፣ «ድምፁን እከፍተዋለሁ። ወሬውን አብሬያችሁ እሰማለሁ፤ ዘፈን ሲመጣ እወጣለሁ» አለ።

ጀመረ። መጋረጃው ተገለጠ፣ ጋሽ አክሊሉ ወጣ። ወፍራም፣ ለስላሳ፣ ሙሉ ድምፅ! «እንኳን አደረሳችሁ፤ እመቤቶች፣ ወጡን አውርዱና ተቀመጡ፤ ዛሬ ቢያርም የኔ ጥፋት ነው» አለ። ያ በር ላይ ተደራርበን የሰማነው ድምፅ ነው። ዓይኔ እንባ አቀረረ። የበግ ተራውን ሰውዬ አወራ፤ ዘካሪያስ በሳቅ ፈነዳ። ዘፈን ሲመጣ ወደ ደረጃው ሮጠ፤ ከላይ ሆኖ «አለቀ?» ይላል፤ «ና፣ አልቋል!» እንለዋለን፤ ተመልሶ ይቀመጣል።

ወደ የውብዳር ዞር አልኩ። ፊቷ ላይ ምንም የለም።

«ምነው?» አልኳት።

«አልመጣም፣ እትዬ ጥሩ።»

«እንዴት አልመጣም? ይኸው እኮ ይናገራል!»

«ይኼ የናንተ ነው። እናንተ በር ላይ ቆማችሁ የሰማችሁት ነው። እሱ ቤት ሲገባ ሱፉን ሲያወልቅ ይህንን ድምፅ አብሮ ያወልቀው ነበር። ከኔ ጋር ሲያወራ ቀስ ይላል፣ ይጎተታል፣ እንቅልፍ እንደመጣው ሰው ነው። ‹የውቤ፣ ውኃ› ሲለኝ… እሱን ማን ቀዳው? ማንም አልቀዳውም።»

እጇን ያዝኩ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሰው ሁሉ ያጨበጭባል።

በዚህ መሀል ጋሽ አክሊሉ የወንበሩን ክንድ በግራ እጁ ይመታ ጀመር። ዘካሪያስ ካሴቱን አቆመው። ጋሽ አክሊሉ ጣቱን ወደ ኋላ ወደ ኋላ አደረገ።

«ይመለስ ነው የሚሉት?» አለ ዘካሪያስ። መለሰው። ሱፍ የለበሰው አክሊሉ ወጣ። ጋሽ አክሊሉ ራሱን ነቀነቀ፤ እሱን አይደለም። ዘፈኑ ጀመረ፤ አሁንም መታ። ዘካሪያስ መውጣቱን ረስቶ አቆመው። ሥዕሉ እየተንቀጠቀጠ ቆመ። ኦርኬስትራው ነው። ጋሽ አክሊሉ ጣቱን ቀስሮ፣ ጥግ ላይ ሳክስፎን የያዘውን ሰው አሳየ። ከዚያ የውብዳርን አያት።

«እሱ?» አለች። «ዓምደ ሚካኤል አይደል?»

በጭንቅላቱ አዎ አለ። ጣቱ ወደሚቀጥለው ሄደ።

«ከበሮ መቺው ደግሞ… አብርሃም?»

አይደለም።

«ታዲያ ማነው? ቆይ ቆይ፣ ያ በፋሲካ እኛ ቤት መጥቶ፣ የዶሮውን ፈረሰኛ የበላብህ!»

አዎ! ትከሻው ሁሉ ሳቀ።

«እዮብ! እዮብ ነው፤ ውይ፣ ሆዳሙ እዮብ!» ከወንበሯ ተነሥታ ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጢጥ አለች። «ይኼስ መለከት የያዘው? ሞተ የተባለው? አልሞተም? ሞቷል። እግዜር ነፍሱን ይማር። ይኼኛውስ፣ ባለመነጽሩ? ከሱ ጋር ተኳርፋችሁ ነበር፤ ታርቃችኋል? አልታረቃችሁም? በምን ምክንያት? በሴት ነው? በሴት አይደለም! በል ይሁንልህ።»

እሷ ትጠይቃለች፣ እሱ በጭንቅላቱ፣ በቅንድቡ፣ በዚያች በአንዲት እጁ ይመልሳል። አንደበቱ ከተያዘ ወዲህ «ውኃ ልስጥህ? ብርድ ልብስ ልጨምርልህ?» ካልሆነ በቀር እንዲህ ሲነጋገሩ አይቻቸው አላውቅም። እሷ ቴሌቪዥኑ ውስጥ እሱን ስትፈልግ፣ እሱ ለካ ጓደኞቹን ናፍቆ ኖሯል፤ የጠየቀው ግን አልነበረም።

«እነዚህን ስትፈልግ ነው ዝናቡ ላይ አፍጥጠህ የምትውለው?» አለችው ቀስ ብላ።

አልነቀነቀም። አያት ብቻ።

እሷም እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገችና ተንኮሏ መጣ። ወደ ሳክስፎን ነፊው ጠቆመች። «ይኼማ አብርሃም ነው» አለች።

ጋሽ አክሊሉ ከቴሌቪዥኑ ላይ ዓይኑን ነቅሎ አፈጠጠባት። ከዚያ ከጉሮሮው፣ ወፍራም ያልሆነ፣ የተጎተተ፣ እንቅልፍ እንደመጣው ሰው የሆነ ነገር ወጣ። «እ… እእ!» አለ።

የውብዳር ቀጥ አለች። ሄዳ ጉልበቱ ሥር ተንበረከከች፣ ጆሮዋን ወደ አፉ አቀረበች።

«ምን አልከኝ? ድገመው። ተሳደብክ እንዴ? ስደበኝ፣ የኔ ጌታ፣ ስደበኝ።»

«እእ» አላት።

በመጨረሻ የውብዳር ቀና ሳትል እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች።

«ሪሞቱን ወዲህ በል፣ ዘካሪያስ» አለች። «ገና ከኋላ የቆሙት አሉ።»