የሐሙስ ቀስት

ሰውየው ነገር ሳይመጣ የሚዘጋጅ፣ ሴትየዋ ደግሞ ነገር ከመጣ በኋላ የምታስተካክል ነበረች። እርሱ ገና ከቤት ሳይወጣ የሚመለስበትን ሰዓት በወረቀት ያሰፍራል፤ እርሷ ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ መቀሱን እስክታነሳ ድረስ የቀሚሱ መልክ አይገለጥላትም። እርሱ የኔትወርክ ባለሙያ ነው፤ ሲናገር "አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ" እያለ ነው፣ አንዳንዴም አራተኛው ጠፍቶበት እንቅልፍ ያጣል። እርሷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ወሬ ስታወራ ከመሃል ትጀምርና ወደ ዳር ትወጣለች፣ መጀመሪያውን ሰሚው ራሱ ፈልጎ ያግኝ። በአሥራ ስድስት ዓመት ትዳራቸው የሚመሳሰሉበት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ሁለቱም የሆዳቸውን በሆዳቸው ይይዛሉ። "ናፍቀኸኛል" የሚለው ቃል በዚያ ቤት እንደ ክት ልብስ ታጥፎ የተቀመጠ ነበር፤ መኖሩን ሁሉም ያውቃል፣ ለብሶት የወጣ ግን የለም።

ሰውየው ከቤቱ የሁለት ቀን መንገድ ርቆ በሚገኝ ትልቅ ወደብ ውስጥ የመርከቦቹን ጭነት የሚቆጣጠሩትን ኮምፒውተሮች ይጠብቃል። ከሄደ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ የሚንጠባጠበውን ቧንቧ ይጠግናል፣ የልጆቹን ቁመት በበሩ መቃን ላይ ምልክት ያደርጋል፣ ይመለሳል። ውሉ ሊያልቅ ስድስት ሳምንት ሲቀረው አለቆቹ "ሁለት ዓመት ጨምርልን፤ መልስህን በወሩ የመጨረሻ ዓርብ እንጠብቃለን" አሉት። ሁለት ዓመት ቢጨምር ከቤቱ ጀርባ ሁለት ክፍሎች ይሠራሉ፤ በአንድ አልጋ ላይ በብርድ ልብስ የሚጓተቱት ሴት ልጆቹም የየራሳቸው በር ይኖራቸዋል። ይህንኑ ለሚስቱ በስልክ ነገራት።

"እንግዲህ ምን ትያለሽ?"

"አንተ እንዳየህ።"

"የለም፣ አንቺ ነሽ መናገር ያለብሽ።"

"እኔ ምን አውቄ? ሥራው ያንተ ነው።"

ከዚያም ስለ ጣሪያው አሸንዳ ለሩብ ሰዓት ያህል ተወያዩ። ስልኩ ሲዘጋ ሴትየዋ ጣቷን ነከሰች። "ና" የሚለው ቃል እኮ አንዲት ፊደል ናት፤ ይህችን ያህል ነገር ከጉሮሮ ማውጣት እንዴት እንዲህ ያቅታል?

የልጆቹን ኮምፒውተሮች ግን ሰውየው ከዚያ ማዶ ሆኖም ከእጁ አላወጣቸውም። ሁለት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ናቸው፤ በእናታቸው የስፌት ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እናትየው አቧራ እንዳይገባባቸው ዳርቻው የተሸበሸበ ልብስ ሰፍታላቸው ነበር፤ እርሱ "አየር ያሳጣቸዋል" ብሎ አስወለቀባት እንጂ። አንደኛው የአሥራ አራት ዓመቷ የታላቂቱ ነው። እርሷን በቤት ውስጥ የሚጠራት ሁሉ "ዳኛ" ይላታል፤ ምስክር ሳትሰማ የማትፈርድ፣ ከፈረደች ደግሞ ይግባኝ የማትቀበል ልጅ ናትና። ሁለተኛው የታናሺቱ የ"ቁንጫ" ነው፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ለምን ቁንጫ እንደተባለች አንድ ደቂቃ አብሯት የተቀመጠ ሰው አይጠይቅም። አባትየው ከወደቡ ሆኖ በኢንተርኔት ይገባል፤ የኮምፒውተሮቹን ፕሮግራሞች በአዲስ እየተካ ያዘምናል፣ ለልጆች የማይሆነውን ይዘጋል፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆንም ይቆልፋል። ቁንጫ ታዲያ ሁለት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ትደውልለታለች።

"አባዬ፣ አሥር ደቂቃ ብቻ!"

"ትናንትም አሥር ብለሽ ነበር።"

"የትናንቱ አልቋል እኮ!"

እርሱም ከሁለት ቀን መንገድ ማዶ ጣቱን ነካ አድርጎ ይጨምርላታል።

የማዘመኑ ቀን ሐሙስ ነው፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሆኑ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ። ያን ሰዓት ሴትየዋ ሌላ ቀጠሮ አትይዝም። የልብስ ልክ ሊያስለካ የመጣ ሰው ቢኖር እንኳ "ከሰዓት በኋላ ይምጡ" ብላ ትሸኛለች። አራት ሰዓት ሲሆን ኮምፒውተሮቹ ማንም ሳይነካቸው ነፍስ ይዘሩና ማራገቢያቸው እንደ ድመት ማንኮራፋት ይጀምራል። ስክሪኖቹን አስቀድማ ትከፍታቸዋለች፤ እርሱ ግን ጠፍተው ነው የሚመስለው። ከዚያም እርሱ ከማዶ ሆኖ የሚያንቀሳቅሳት ነጭ ቀስት ስክሪኑ ላይ ብቅ ትላለች።

ቀስቷን የያዘውን እጅ ሴትየዋ ታውቀዋለች። ሲያስብ በክብ ያዞራታል፤ ድሮ እራት ቀርቦ ልጆቹን ሲጠብቁ ማንኪያ በጠረጴዛው ላይ እንደሚያዞረው ያለ ነው። ያጣውን ሲያገኝ ዘልሎ ይሄድና ሁለቴ መታ መታ ያደርጋል። የሆነ ሰው ሲያናግረው ቀስቷ ካለችበት ትደርቃለች፤ ሴትየዋም መርፌዋን አቁማ "ማነው ደግሞ እዚያ የያዘው?" ትላለች። ሁለቱን ኮምፒውተሮች ለማዳረስ አርባ ደቂቃ ይፈጅበታል። አርባውንም ደቂቃ እርሷ ቁልፍ እየተከለች፣ ጠርዝ እየቀመቀመች አጠገቡ ትቀመጣለች። ሲጨርስ ቀስቷ ወደ ጥግ ትሄዳለች፤ ስክሪኑም ይጨልማል። "በል፣ ደህና ዋል" ትላለች፣ ማንም ባይሰማትም።

አንድ ቀን ታዲያ በስልክ ደስታው ሞልቶ ሲፈስ፣ "እሰይ በይኝ! ከእንግዲህ በእጄ መግባት የለብኝም። ሐሙስ ሐሙስ ራሱ በራሱ እንዲዘምን አድርጌዋለሁ። አንደኛ፣ ጊዜ ይቆጥባል። ሁለተኛ፣ አንቺንም በጩኸቱ አርባ ደቂቃ አላስቸግርም" አላት።

"እኔ ተቸገርኩ አልኩህ?"

"አላልሽም፤ እንዲያው ነው።"

"እንዲያው ከሆነ፣ እሰይ።"

ማግሥቱ ሐሙስ ነበር። ቀስቷ አልመጣችም። ስክሪኑ ላይ የወጣው ቁጥር ብቻ ነው፤ አሥር በመቶ፣ ሃያ በመቶ፣ ሃያ አንድ። ሴትየዋ ሆድ ባሳት። ቁጥር አያስብ፣ ማንኪያ አያዞር፣ ምን ይዩት? ፊቷን ወደ ሥራዋ መልሳ የካውያውን ገመድ በቅርቧ ካገኘችው የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ላይ ሰካችው። ማከፋፈያው ከአቅሙ በላይ ሲጫኑት ራሱን የሚያጠፋ ዓይነት ነው፤ ካውያው፣ ሁለቱ ኮምፒውተሮችና ስክሪኖቹ አንድ ላይ ሲሆኑበት ቀጭ አለና ክፍሉ ጸጥ አለ። ሴትየዋ ክው አለች። ካውያውን ነቅላ፣ የማከፋፈያውን ቀይ ቁልፍ ተጭና፣ እንደ ሌባ ዙሪያዋን እያየች ተቀመጠች። ሩብ ሰዓት አልሞላም፤ የቁንጫ ኮምፒውተር ተነሳ፣ የተጀመረው ማዘመን መቋረጡን አስታወቀ፣ ከዚያም ቀስቷ መጣች። የተበላሸውን በእጁ ሊያቃና ራሱ ገብቷል! እየፈለገ፣ እየዞረ፣ እየቆመ ሃምሳ ደቂቃ ቆየ። ሴትየዋ በዚያን ቀን አንዲት ቁልፍ እንኳ አልተከለችም።

የመጀመሪያው ሐሙስ ስህተት ነው እንበል። የሁለተኛውና የሦስተኛው ካውያ ግን በእጇ ተሰክቷል፤ በትክክል ቁጥሩ ስልሳ በመቶ ሲደርስ።

ሰውየው ግራ ገብቶት ደወለ። "እኔ የምለው፣ አይጥ ገብቶ ይሆን እንዴ? ገመዱን የሚነካካ?"

"አይጡ ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው የሚመጣው?"

"እሱን ነው እኮ እኔም የምለው!"

ሴትየዋ ሳቋን ዋጠች፤ ሳቁ ወርዶ ሌላ ነገር ሆኖባት ዓይኗን በምትሰፋው ጨርቅ አበሰች። መልስ የሚሰጥበት ዓርብ እየቀረበ ነበር፤ እርሱም ጥያቄውን አልደገመው፣ እርሷም መልሷን አልቀየረችው።

በአራተኛው ሐሙስ ነገሩ ከቀልድ ወጣ። ዳኛዋ ስለ ወንዞች የምትጽፈው የትምህርት ቤት ሥራ ነበራት፤ ሦስት ሳምንት የለፋችበት፣ ካርታውን በገዛ እጇ የሣለችው። ከሰዓት በኋላ መጥታ ኮምፒውተሯን ስትከፍት ፋይሉ አልከፈት አላት። በዚያ ጠዋት ካውያው መብራቱን ያጠፋው ኮምፒውተሩ ፋይሎችን በማስቀመጥ ላይ ሳለ ስለነበር ሥራው ተጎድቶ ነበር። አባቷ በርቀት ገብቶ ቢታገል ግማሹን ብቻ አዳነላት። ዳኛዋ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ችሎት ተቀመጠች።

"አባዬ፣ አንተ ራሱ በራሱ እንዲዘምን ካደረግከው ወዲህ ነው የተበላሸው። ወር ሙሉ!"

"ልጄ፣ እኔም አልገባኝም። አንደኛ…"

"አንደኛ የለም፣ አባዬ። ተውልኝ። የእኔን ኮምፒውተር ከአንተ ዝርዝር አውጣው። ማዘመን እኔም እችላለሁ፣ አስተምረኸኛል።"

"የእኔንም!" አለች ቁንጫ፣ ነገሩ ሳይገባት። "ሁለት ሰዓት መቆለፉም ይቅር!"

"እሺ" አለ ሰውየው ከዚያ ማዶ፣ ድምፁ ሰልሎ። "ትክክል ነሽ፣ አድገሻል። በሚመጣው ሐሙስ ለመጨረሻ ጊዜ ልግባና የሁለቱንም ኃላፊነት ላንቺ ላስረክብ።"

እናትየው ካውያ ይዛ ቆማ ነበር። "እኔ ነኝ" ልትል አፏን ከፍታ መልሳ ገጠመችው። እጇ ሥር ያለው የሸሚዝ ኮሌታ ማረር ሲጀምር ነው የነቃችው።

የመጨረሻው ሐሙስ ደረሰ፤ ማግሥቱ ዓርብ ነው። ሴትየዋ ካውያውን ከነገመዱ ጓዳ አስገብታ ቆለፈችበት። ፀጉሯን አበጠረች። አራት ሰዓት ሲሆን ቀስቷ በዳኛዋ ስክሪን ላይ መጣች። ፈጠን ያለች አልነበረችም፤ የነካችውን መልሳ እየነካች፣ የዘጋችውን ገጽ ደግማ እየከፈተች ትንቀረፈፍ ነበር። ኋላ ባዶ ገጽ ተከፈተና ፊደል መሰደር ጀመረ። "ለዳኛዬ። አንደኛ፣ የይለፍ ቃሉን ለማንም አትንገሪ። ሁለተኛ፣ ኮምፒውተሩ ሲዘምን ገመድ እንዳይነቀል አደራ።"

ሴትየዋ ወንበሯን ሳበች። አንዱን ፊደል ለማውጣት ሁለት ጊዜ መምታት እንደሚያስፈልግ፣ ልጇ ስትጽፍ ከኋላዋ ቆማ አይታለች። በአንድ ጣቷ፣ መርፌ ቀዳዳ ላይ ክር እንደምታስገባ ሁሉ ትንፋሿን ይዛ፣ ከሥሩ ጻፈች።

"እኔ ነኝ"

ቀስቷ ደረቀች።

"ዳኛ? ትምህርት ቤት አይደለሽም እንዴ?"

"ዳኛ አይደለሁም። እናቷ ነኝ"

"አንቺ?! ስክሪኑ ክፍት ነው እንዴ?"

"ሦስት ዓመት ሙሉ ክፍት ነው። ሐሙስ ሐሙስ አይሃለሁ"

"ምኑን?"

"እጅህን"

ሴትየዋ አንዴ ከጀመረችው መመለስ አልፈለገችም፤ ቀጠለች። "አይጥ የለም። ካውያ የምሰካው እኔ ነኝ። በእጅህ ስትገባ ለማየት ነው። የልጅቱን ሥራ ያበላሸሁት እኔ ነኝ"

ቀስቷ ወዲያ ወዲህ አለች፣ መዞር ጀመረች፣ ቆመች፣ ደግሞ ዞረች። ከዚያ የእርሱ ፊደላት በዝግታ ወጡ። "ራሱ እንዲሠራ ካደረግሁት ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ምን እንደምሠራ ጠፍቶኝ ነበር። ተበላሸ የሚል ምልክት ሲመጣልኝ ከወንበሬ እነሳ ነበር፣ ደስ ብሎኝ። ያን ሁሉ ጊዜ የፈጀሁትም አስቸግሮኝ አልነበረም።"

ሴትየዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ነገ መልስ እሰጣለሁ" ሲል ጻፈ። "ምን ልበላቸው?"

ጣቷ የለመደውን ይዞ ሄደ፤ "አንተ እንዳየ" ካለ በኋላ ቆመ። አንድ በአንድ አጠፋችው። ውጭ መኪና አለፈ፣ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። ከዚያም ቁልፎቹን እየቆጠረች መታች።

"አትፈርም"

ቀስቷ መጥታ ቃሉ ላይ ቆመች፤ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው በዝግታ ሄደችበት፣ ተመለሰችበት፣ እንደገና ሄደችበት።

"እዚያ እንደዚህ ያለ ሥራ ላላገኝ እችላለሁ። የልጆቹስ ክፍል?"

"አውቃለሁ። ሁሉንም አስቤዋለሁ። አትፈርም"

"አንደኛ፣ እሺ" ብሎ ጻፈ። ሁለተኛ አልነበረውም።

ልጆቹ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሲገቡ እናታቸው ጠረጴዛውን ከጨርቅ አጽድታ ጠበቀቻቸው። ቁንጫ ቦርሳዋን ወርውራ ልትበር ስትል በክንዷ ያዘቻት።

"ተቀመጡ። ሁለታችሁም።"

"ምን ሆነሻል፣ እማዬ? አልቅሰሻል እንዴ?" አለች ዳኛዋ።

"አልቅሻለሁ፣ አልፏል። መጀመሪያ ያንቺን ነገር ልጨርስ። ኮምፒውተርሽን ያበላሸው አባትሽ አይደለም፣ እኔ ነኝ። ካውያ እየሰካሁ አጠፋበት የነበረው አውቄ ነው። የወንዞቹን ካርታ ዛሬ አብረን እንሥላለን፤ እኔ መሣል ባልችልም ቀለም አቀብልሻለሁ።"

ዳኛዋ ከወንበሯ ተነሳች። "አውቀሽ? ለምንድነው?"

"አባታችሁ በእጁ እንዲገባ።" እናትየው በዚያ ቤት ተሰምቶ የማያውቀውን ቃል፣ ድምፅዋን ዝቅ ሳታደርግ አወጣችው። "ናፍቆኝ ነው።"

ቁንጫ እንኳ አልተንቀሳቀሰችም።

"አሁን ደግሞ ስሙኝ" አለች እናትየው፣ ሁለቱንም መዳፎቿን በጠረጴዛው ላይ ዘርግታ። "አባታችሁ አይፈርምም። ውሉ ሲያልቅ ሻንጣውን ይዞ ይመጣል፣ ተመልሶም አይሄድም። ክፍሎቹ ይቆያሉ፤ እስከዚያ በአንድ አልጋ ትተኛላችሁ። እርሱ እዚህ ሥራ እስኪያገኝ ድረስ በእኔ ስፌት እንኖራለን። አትፈርም ያልኩት እኔ ነኝ፤ ቅር የሚለው ካለ እኔን ይጠይቅ።"